ናሙናው ሲቀጥን ቅንጣቱ ለምን ያድጋል?

ጥያቄው የመጣው ከጅማ ነው። አሳጥሬ ላቅርበው።

«የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ሥራዬ አዌቱ ወንዝ በክረምት ይዞት የሚመጣው ቀይ ጭቃ የሽፈራው ፍሬ ሲጨመርበት ቅንጣቶቹ እንዴት እንደሚሰባሰቡ ማጥናት ነው። ሌላ ከተማ ባለ ቤተ ሙከራ በዳይናሚክ ላይት ስካተሪንግ (ዲኤልኤስ፣ በብርሃን የቅንጣት መጠን የሚያወጣ) መሣሪያ አስለካሁ። ውሃው እንዳለ ሲለካ 160 ናኖሜትር አለኝ። 10 እጥፍ ሳቀጥነው 290 ሆነ። 100 እጥፍ ሳቀጥነው 400 አለፈ። ሽፈራው የጨመርኩበት ናሙና ደግሞ በለካሁት ቁጥር ሌላ ነገር ይሰጠኛል። አማካሪዬ ‹አቅጥኚና ለኪ› ይሉኛል። ካቀጠንኩት ግን የማጠናው ነገር ራሱ አይቀየርም? የትኛውን ቁጥር ልጻፍ?»

እህቴ፣ ለጊዜው ከሦስቱ አንዱንም አትጻፊ። የአማካሪሽ ምክር ልክ ነው፤ ያንቺም ሥጋት ልክ ነው። የሚነሡት ከሁለት የተለያዩ ችግሮች ስለሆነ ነው የተጋጩ የመሰሉሽ። ቀስ ብለን እንየው።

መሣሪያው መጠን አይለካም። የሚለካው የብርሃን መርገብገብ ነው። ሌዘሩ ናሙናው ውስጥ ይገባል። ቅንጣቶቹ በውሃው ሞለኪውሎች እየተገፉ ያለ ዕረፍት ይዋልላሉ፤ ብራውናዊ እንቅስቃሴ የሚባለው ነው። ከየቅንጣቱ የተበተነው ብርሃን ዳሳሹ ላይ ሲገናኝ አንዴ ይደጋገፋል፣ አንዴ ይጠፋፋል። ስለዚህ ድምቀቱ ከፍ ዝቅ ይላል። ትንሽ ቅንጣት ፈጣን ስለሆነ መርገብገቡም ይፈጥናል። ትልቅ ቅንጣት ይዘገያል። ለምሳሌ ዲያሜትሩ 200 ናኖሜትር የሆነ ቅንጣት በ25 ዲግሪ ውሃ ውስጥ ቢሆንና በ633 ናኖሜትር ቀይ ሌዘር ከኋላ በኩል ቢታይ፣ ብርሃኑ የነበረበትን ሁኔታ «የሚረሳው» ከ1 ሚሊሰከንድ ባነሰ ጊዜ ነው። መሣሪያው ይህን ጊዜ ኮሪሌሽን ከሚባል ግራፍ ላይ ያነባል፤ ግራፉ የአሁኑ ድምቀት ከቀደመው ጋር ምን ያህል እንደሚመሳሰል ያሳያል። ከዚያ የሙቀት መጠኑንና የውሃውን ውፍረት (ቪስኮሲቲ፣ ለመፍሰስ ያለውን እምቢታ) አስገብቶ፣ አንስታይን በ1905 ባወጣው ግንኙነት በኩል ዲያሜትር ያሰላል።

ስሌቱ የሚሠራው ግን በአንድ ቅድመ ሁኔታ ነው። ዳሳሹ ላይ የደረሰው ብርሃን በሙሉ ናሙናው ውስጥ አንድ ቅንጣት ብቻ ነክቶ የወጣ መሆን አለበት። መሣሪያው ይህ መሟላቱን አይጠይቅሽም። ተሟልቷል ብሎ ነው የሚጀምረው።

በክረምት የአዌቱ ውሃ ውስጥ ይህ ቅድመ ሁኔታ የለም። ብርሃኑ ከአንዱ ቅንጣት ወደ ሌላው፣ ከዚያም ወደ ሌላው እየተወረወረ ነው የሚወጣው። በመንገዱ ላይ ያለው ቅንጣት ሁሉ ትንሽ ትንሽ ይንቀሳቀሳል። ወሬ ከአፍ ወደ አፍ ሲሄድ እያንዳንዱ ሰው ጥቂት ብቻ ቢለውጠው፣ ሃያኛው ሰው ጋ ሲደርስ ሌላ ወሬ ይሆናል። ብርሃኑም እንደዚያው ነው። የጥቃቅኑ እንቅስቃሴ ድምር መርገብገቡን ያፈጥነዋል። መሣሪያው ደግሞ ፈጣን መርገብገብ ሲያይ «ትንሽ ቅንጣት» ብሎ ይተረጉመዋል። 160 ያልሽው ቁጥር ባብዛኛው ከዚህ የመጣ ነው። ቅንጣቶችሽ ሲቀጥኑ አላደጉም። ሳይቀጥኑ ነው በሐሰት ያነሱት።

ይህን በዓይንሽ ማየት ትችያለሽ፤ እንድታዪውም አጥብቄ እመክራለሁ። ንጹሕ ብርጭቆ ውሃ፣ ትንሽ ወተትና የእጅ ሌዘር ይበቃሉ። ሌዘሩን ወደ ማንም ዓይን እንዳታዞሪ። ክፍሉን አጨልሚና ጨረሩን በብርጭቆው ጎን አስገቢ። በንጹሑ ውሃ ውስጥ መስመሩ እምብዛም አይታይም። አንድ ጠብታ ወተት ስትጨምሪ ቀጥ ያለች ቀጭን ቀይ መስመር ትወጣለች። እያንዳንዷ የብርሃን ጨረር አንዴ ተበትና ወደ ዓይንሽ እየመጣች ነው ማለት ነው። ጠብታ እየጨመርሽ ሂጂ። የመስመሩ ዳርና ዳር መደብዘዝ ይጀምራል፤ በዙሪያው ቀይ ወጋገን ይፈጠራል። ያ ወጋገን ሁለቴ ሦስቴ የተበተነ ብርሃን ነው። ትንሽ ቆይቶ መስመሩ ይጠፋል፣ ብርጭቆው በሙሉ ቀይ ይሆናል። ዲኤልኤስ የሚታመነው መስመሩ ቀጭንና ጥርት ያለ እንደሆነ ሲቆይ ነው። ወጋገኑ ከመጣ በኋላ የሚወጣውን ቁጥር በጥርጣሬ እዪው። ብርጭቆው ሁሉ ከቀላ ግን ተራው ስሌት አይሠራም። የአዌቱን ውሃ ይዘሽም ይህንኑ ድገሚው። መሣሪያ ጋ ከመሄድሽ በፊት ናሙናሽ የት ደረጃ ላይ እንዳለ ታውቂያለሽ።

በቁጥር ከፈለግሽው፣ በስፔክትሮፎቶሜትር በሌዘሩ የሞገድ ርዝመት የሚያልፈውን ብርሃን ለኪ። በ1 ሴንቲሜትር ኩቬት (ናሙና የሚገባበት ብርሃን አሳላፊ ትንሽ ዕቃ) 95 ከመቶና ከዚያ በላይ ካለፈ ብዙም አትጨነቂ።

አሁን ወደ ረቂቁ ነጥብ እንምጣ። ወፍራም ናሙና ውስጥ ልኬትን የሚያዛባው ይህ ብቻ አይደለም። ቅንጣቶቹ ሲጠጋጉ እርስ በርስ ይገፋፋሉ፣ መንገድም ይዘጋጋሉ። ስለዚህ እንቅስቃሴያቸው ራሱ በእውነት ይቀየራል። ይህ የብርሃን ስሕተት አይደለም፤ የናሙናው ጠባይ ነው። ሁለቱን እንዴት ትለያለሽ? ያንኑ ናሙና ሳታቀጥኚ በሁለት ኩቬት ለኪው፦ አንዱ 10 ሚሊሜትር፣ ሌላው 1 ወይም 2 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ይሁን። ውሃው ያው ነው፤ ቅንጣቶቹም ያው ናቸው። የተቀየረው ብርሃኑ የሚሄድበት ርቀት ብቻ ነው። ቁጥሩ ከኩቬቱ ጋር ከተቀየረ ችግሩ የተደጋገመ ብተና ነው። ካልተቀየረና በማቅጠን ብቻ የሚቀየር ከሆነ ቅንጣቶቹ ስለ ራሳቸው የሚነግሩሽ ነገር አለ። ሥራሽ ውስጥ አንድ ተጨማሪ ሙከራ ብቻ የማስገባት ዕድል ቢኖርሽ ይሄን አስገቢ። ርካሽ ነው፣ ፈታኝሽም ሊከራከርበት አይችልም።

ስለ ማቅጠኑ ደግሞ ፍርሃትሽ ትክክል ነው። አደጋው ያለው የምታቀጥኚበት ፈሳሽ ላይ ነው። የሸክላ ቅንጣት ገጽ ባብዛኛው ኔጌቲቭ ነው። በውሃው ውስጥ የሟሙ ጨዎች ያንን ቻርጅ ይሸፍናሉ። የሽፋኑ ውፍረት 10 ሚሊሞላር የገበታ ጨው ባለበት ውሃ 3 ናኖሜትር ያህል ነው፤ 1 ሚሊሞላር ሲሆን 10 ናኖሜትር ይጠጋል። በተጣራ ውሃ 100 እጥፍ ስታቀጥኚው ጨዎቹን አብረሽ አሳሳሻቸው። መገፋፋቱ ሩቅ ይደርሳል፤ ተያይዞ የነበረውም ሊላቀቅ ይችላል። የሽፈራው ነገር ይብሳል። ጭቃውን የሚያሰባስቡት ፖዘቲቭ ቻርጅ ያላቸው የፍሬው ፕሮቲኖች ናቸው። በንጹሕ ውሃ ስታቀጥኚ ከሸክላው ላይ ከፊሉ ሊለቅ ይችላል።

ስለዚህ ናሙናውን በራሱ ውሃ አቅጥኚው። ከናሙናው ከፍ ያለ መጠን ወስደሽ በሴንትሪፊዩጅ አዙሪው። ከላይ የቀረውን የጠራ ፈሳሽ በ0.2 ማይክሮሜትር ፊልተር አሳልፊው። ማቅጠኛሽ እሱ ነው። ሽፈራው ለገባበት ናሙና ማቅጠኛው ሽፈራው ከገባበት ከዚያው ውሃ ይውጣ። ለካሊብሬሽን ካልሆነ በስተቀር የተጣራ ውሃ አትንኪ። ናሙናውን ራሱን ግን እንዳታጣሪው፤ ልታጠኚ የመጣሽውን ነገር ፊልተሩ ላይ ትተይዋለሽ። የፒፔቱን ጫፍ በመቀስ ቁረጭና አስፊው፤ ፍሎኮቹ (ተሰባስበው የተያያዙት የቅንጣት ጉብጉቦች) በጠባብ ቀዳዳ ሲያልፉ ይሰባበራሉ። ከዚያ 2 እጥፍ፣ 5 እጥፍ፣ 20 እጥፍ፣ 100 እጥፍ እያልሽ ውረጂ። ቁጥሩ አንድ ቦታ ረግቶ መቀየር ሲያቆም ያ ነው የሚጻፈው። ሳይረጋ ከቀጠለ ግን ናሙናው ራሱ እየተለወጠ ነው።

ሽፈራው የገባበት ናሙና በየልኬቱ የሚለያየው ለምንድን ነው? መልሱ ሌላ ነው። ከብርሃኑ ሞገድ በጣም የሚያንሱ ቅንጣቶች የሚበትኑት ብርሃን በዲያሜትራቸው 6ኛ ኃይል ነው የሚያድገው። 10 እጥፍ የሚበልጥ ቅንጣት አንድ ሚሊዮን እጥፍ ብርሃን ይበትናል። ትልልቆቹ ላይ ሕጉ እንዲህ ጥብቅ አይደለም፤ ግን ትልቁ ትንሹን መጋረዱ አይቀርም። አንድ ፍሎክ ጨረሩን አቋርጦ ሲያልፍ የቀረውን ሁሉ ያስረሳል። በዚያ ላይ ይሰምጣል። ጥቅጥቅ ያለ 2 ማይክሮሜትር የሸክላ ቅንጣት በውሃ ውስጥ በሰዓት 1.5 ሴንቲሜትር ያህል ይወርዳል። ፍሎኮች ውስጣቸው ውሃ ስለሆነ እፍጋታቸው ያንሳል፤ በመጠን ግን ብዙ ስለሚበልጡ ፈጥነው ይወርዳሉ። የሚወርድ ነገር ደግሞ የሚዋልል አይደለም፣ የአንስታይን ግንኙነትም አይገዛውም። የመሣሪያውን የቆጠራ መጠን (ዳሳሹ ላይ የሚደርሰውን የብርሃን ብዛት) በጊዜ ሂደት የሚያሳየውን ግራፍ ክፈቺ። ድንገት ድንገት ሽቅብ የሚዘል ከሆነ የሚያልፉትን ፍሎኮች እያየሽ ነው። ያን ናሙና በዲኤልኤስ መለካቱን ተዪው።

«ሳይቀጥን መለካት ፈጽሞ አይቻልም ማለት ነው?» ትይኝ ይሆናል። ይቻላል። ሁለት መንገድ አለ፣ አስተሳሰባቸውም ተቃራኒ ነው።

አንደኛው ወገን ብዙ ጊዜ የተበተነውን ብርሃን አውጥቶ መጣል ይፈልጋል። ቀላሉ ዘዴ የብርሃኑን መንገድ ማሳጠር ነው። ጨረሩ ኩቬቱ ግድግዳ አጠገብ ብቻ እንዲገባና ወደ ኋላ የተመለሰው እንዲታይ ይደረጋል። አሁን ብዙ ቦታ ያሉት መሣሪያዎች በ173 ዲግሪ የሚለኩት አንድም ለዚህ ነው። የረቀቀው ዘዴ ደግሞ ክሮስ ኮሪሌሽን ይባላል። ሐሳቡን ፊሊስ በ1981 አቀረበ፤ ሻትዘል በ1991 አዳበረው፤ ኡርባንና ሹርተንበርገር በ1998 ለድፍርስ ናሙና የሚመች አድርገው በሥራ አሳዩት። ሁለት ጨረሮች ያንኑ ቦታ በአንድ ጊዜ ያያሉ፤ ሁለት ዳሳሾች ይለካሉ። አንድ ጊዜ ብቻ የተበተነው ብርሃን በሁለቱም ዳሳሾች ላይ እኩል ይረገበገባል። ብዙ ጊዜ የተበተነው ግን መንገዱ ስለሚለያይ አይገጥምም። የገጠመው ብቻ ይቆጠራል። በጣም የምወደው ዘዴ ነው፤ ምክንያቱም ምን ያህሉ ብርሃን ንጹሕ እንደሆነ ራሱ ግራፉ ይነግርሻል። ኮሪሌሽኑ የሚነሣበት ከፍታ ሲወርድ ንጹሑ ብርሃን እያነሰ ነው ማለት ነው። ሊያልቅ ሲቃረብ ዘዴውም እዚያው ይቆማል።

ሁለተኛው ወገን «ለምን እንጥለዋለን? እንጠቀምበት እንጂ» ይላል። ማሬና ቮልፍ በ1987፣ ፓይን፣ ዋይትዝ፣ ቼይኪንና ኸርቦልትዛይመር በ1988 ያወጡት ዘዴ ዲፊውዚንግ ዌቭ ስፔክትሮስኮፒ ይባላል። እዚህ ብርሃኑ ናሙናው ውስጥ እየተንከራተተ እንደሚሰራጭ ይታሰባል። ዋናው መለኪያ ብርሃኑ የተነሣበትን አቅጣጫ ሙሉ በሙሉ እስኪረሳ የሚጓዘው ርቀት ነው። የናሙናው ውፍረት የዚያ ርቀት 10 እጥፍ ከሆነ ብርሃኑ እስኪወጣ በአማካይ 100 ያህል እርምጃ ይሄዳል። እርምጃው ስለበዛ እያንዳንዱ ቅንጣት ከሞገዱ ርዝመት በጣም ያነሰ ርቀት ቢንቀሳቀስ እንኳ ይታወቃል። ወፍራም ናሙና ላይ ጥቂት ናኖሜትር ይበቃል። ወተት ሲረጋ፣ ቀለም ሲደርቅ፣ ክሬም ሲጠጥር ለማየት የሚወዳደረው የለም። አዲስ አበባም ይሁን ጅማ፣ እርጎና አይብ ላይ የሚሠራ ተማሪ ቢጠይቀኝ ዓይኔን ሳላሽ ወደዚህ እመራው ነበር።

ላንቺ ግን አልመክርም። ዘዴው ከሞላ ጎደል ተመሳሳይ የሆኑና የማይሰምጡ ቅንጣቶችን ይወዳል። የሚሰጠው አማካይ ነው፤ ትልቁንና ትንሹን ለይቶ አያወጣም። የሸክላ ቅንጣት ጠፍጣፋ ነው፣ መጠኑም ከጥቂት አስር ናኖሜትር እስከ 2 ማይክሮሜትር ይዘረጋል። ሌላው ደግሞ ቀለሙ ነው። የጅማን አፈር ቀይ ያደረገው የብረት ኦክሳይድ ሰማያዊና አረንጓዴ ብርሃንን ይውጣል። ረጅም መንገድ የሄደው ብርሃን ከመውጣቱ በፊት ይዋጣል፣ የሚቀረው አጭር መንገድ የሄደው ብቻ ነው። ስሌቱ ይህን ካላወቀ ቅንጣቶቹ ከእውነታቸው የገዘፉ ይመስለዋል። የቡና ማጠቢያ ፍሳሽ የምታጠኑ ልጆችም ይህችን ልብ በሉ፤ የእናንተው ውሃም ቀለም አለው። የትኛውንም የብርሃን ዘዴ ብትጠቀሙ ከ633 ናኖሜትር በላይ ባለው ቀይ ወይም ከቀይ በታች ባለው (ኢንፍራሬድ) ብርሃን ሥሩ። አረንጓዴ ሌዘር አይሆናችሁም።

ታዲያ ምን ታደርጊ? እኔ ብሆን የሽፈራውን ሥራ በስፔክትሮፎቶሜትር እጀምራለሁ። የኬሚስትሪ ክፍል ካለ እሱ አይጠፋም። ከ650 እስከ 900 ናኖሜትር ባሉ የሞገድ ርዝመቶች ድፍርስነቱን ለኪ። የድፍርስነቱን ሎጋሪዝም በሞገድ ርዝመቱ ሎጋሪዝም አንጻር ሣዪ። በጣም ጥቃቅን ቅንጣቶች ሲሆኑ መስመሩ በ4 ተዳፋትነት ይወርዳል፤ ሰማዩን ሰማያዊ የሚያደርገው ያው ሕግ ነው። ቅንጣቶቹ እያደጉ ሲሄዱ ተዳፋቱ እየቀነሰ ወደ ዜሮ ይጠጋል። ሽፈራውን ጨምረሽ ቀስ ብለሽ እያማሰልሽ በየደቂቃው ብትለኪ የመሰባሰቡን ፍጥነት ታገኛለሽ። ማቅጠን አያስፈልግሽም፤ 1 ሚሊሜትር ኩቬት ተጠቀሚ። በወፍራም ናሙናና በሰፊ ኩቬት ከለካሽ ግን ወደ ፊት የተበተነው ብርሃን ዳሳሹ ውስጥ ገብቶ ውሃው ከእውነቱ የጠራ ያስመስለዋል። የውሃ ሥራ ሰዎች የሚይዙት ተርቢዲቲ ሜትርም የራሱ ጣጣ አለው። ብዙዎቹ በ90 ዲግሪ የተበተነውን ብርሃን ነው የሚያዩት። ጭቃው በጣም ሲበዛ ብርሃኑ መንገድ ላይ ስለሚቀር ንባቡ ከመጨመር ይልቅ ሊቀንስ ይችላል። ከኃይለኛ ዝናብ በኋላ የተቀዳ ውሃ ላይ ይህ እንዳያታልልሽ።

ፍሎኮቹን በማይክሮስኮፕ እያቸው፤ ቪዲዮም ቅረጭ። ከጥቂት ማይክሮሜትር በላይ የሆኑትን በቀጥታ ከምስሉ መለካት ይቻላል። ለትንንሾቹ ደግሞ ቸርቢኖና ትራፔ በ2008 ያስተዋወቁት ዲፈረንሻል ዳይናሚክ ማይክሮስኮፒ አለ። ሌዘር አይፈልግም። ተራ ማይክሮስኮፕና ካሜራ ይበቃዋል፤ ምስሎቹን እርስ በርስ እየቀናነሰ ዲኤልኤስ የሚሰጠውን ዓይነት መረጃ ያወጣል። ስሌቱ በፓይተን ይሠራል። መጠነኛ ድፍርስነትንም ከተራው ዲኤልኤስ በተሻለ ይችላል። ገንዘብ በሌለበት ቤተ ሙከራ ይህን ያህል የሚጠቅም ዘዴ ብዙ አላውቅም።

ዲኤልኤሱን ሽፈራው ላልገባበት ውሃ አስቀሪው፤ ከባዱ ጭቃ ሰምጦ ከላይ የቀረውን ደቃቁን ክፍል ለመለካት። እሱን ስትለኪ ለሙቀቱ ተጠንቀቂ። የውሃ ውፍረት (ቪስኮሲቲ) በ20 ዲግሪ 1.00 ሚሊፓስካል ሰከንድ ነው፤ በ25 ዲግሪ 0.89 ይሆናል። ከማቀዝቀዣ የወጣ ናሙና ሳይሞቅ ከለካሽው ከመቶ 10 በላይ ትሳሳቻለሽ፣ መሣሪያው ግን ምንም አይልሽም። ኩቬቱ ከገባ በኋላ ቢያንስ 5 ደቂቃ ጠብቂ። መብራት ሄዶ ከመጣ ደግሞ ሌዘሩ እስኪረጋ ግማሽ ሰዓት ያህል ታገሺ፣ ከዚያ ዲያሜትሩ የታወቀ የፖሊስታይሪን መመዘኛ ለክተሽ ቀጥይ።

ጽሑፍሽ ውስጥ ከቁጥሩ ጎን የሞገድ ርዝመቱን፣ የመበተኛውን አንግል፣ የኩቬቱን ውፍረት፣ ሙቀቱን፣ በምን እንዳቀጠንሽና ስንት እጥፍ እንዳቀጠንሽ ጻፊ። አማካሪሽን ስታነጋግሪ ደግሞ «አቀጥናለሁ፣ ግን በራሱ ውሃ» በያቸው፤ የሁለቱን ኩቬቶች ውጤትም ይዘሽ ሂጂ። 160፣ 290 እና 400 ያሉሽን ቁጥሮች አትጣያቸው፤ የችግሩ ማሳያ አድርገሽ አባሪ ውስጥ አስገቢያቸው። የሁለቱን ኩቬቶች የኮሪሌሽን ግራፍ ሳይለሰልስ፣ ከእነ ጥሬ ቁጥሩ ላኪልኝ። የሚቀጥለውን ሙከራ እሱን አይተን እንወስናለን።